ፍንጩ አልዋሸም

ሰሞኑን ስለ መስቀለኛ ቃላት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ተናደዋል። ያናደዷቸው አንዳንድ አዘጋጆች የሚያወጧቸው ፍንጮች ናቸው። አዘጋጆቹ ቀጥተኛ ትርጉም ሰጥተው ዝም ማለት ሲገባቸው በቃል ይጫወታሉ፣ ፈቺውን መንገድ ያስታሉ ነው የሚሉት። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በቃል የሚጫወት ፍንጭ ማታለል ነው፤ ፊደላችን ለዚህ ጨዋታ አይመችም፤ ሀ እና ሐ ባልተለዩበት ሰንጠረዥ መሙላት ከንቱ ነው፤ ነገሩ የእንግሊዞች ቅርስ ነው፣ የእኛን ሰምና ወርቅ ጋዜጣ ጀርባ ላይ ማውረድ ደግሞ ነውር ነው፤ በመጨረሻም ተራው ሰው እንዲህ ያለ ፍንጭ መፍታት አይችልም። መፍትሔያቸውም አጭር ነው፦ ወደ ጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ እንመለስ።

እኔ ፍንጭ መጻፍ የምወድ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩ ይነካኛል። በተራ በተራ ልመልስ። አንዳንዱን ግን በሩጫ አልፈዋለሁ፤ ሁሉም ነጥብ እኩል አይመዝንም።

«ማታለል ነው»

ጸሐፊው ሐቀኛ የሚሉት ፍንጭ የመዝገበ ቃላት ፍቺ ወይም የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ነው። «የኢትዮጵያ ወንዝ» ከተባለ የኢትዮጵያ ወንዝ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። እስኪ እንሞክረው።

«የኢትዮጵያ ወንዝ (3)»

በቅንፍ ያለው የፊደሉ ብዛት ነው። ዓባይ ሦስት ፊደል ነው። አዋሽም ሦስት ነው። ተከዜ ሦስት ነው። ገናሌም ሦስት ነው። ታዲያ ፈቺው የቱን ይጻፍ? የሚያቋርጡት ቃላት እስኪሞሉለት እርሳሱን ይዞ መጠበቅ ነው። እድለኛ ካልሆነ ደግሞ አዋሽ ብሎ ይጽፍና ሰንጠረዡን ግማሽ ድረስ አበላሽቶ በላጲስ ይመለሳል። ሐቀኛ የተባለው ይሄ ነው።

አሁን ይህን ይመልከቱ።

«መግቢያው ላይ የእርሻ እንስሳ ቢቆም ወጥ የሚያቀላ ይገኛል (4)»

መጀመሪያ ሲያነቡት ግራ ያጋባል። እንስሳ በር ላይ ቢቆም ወጥ ምን አገባው? ቆም ብለው ሲከፋፍሉት ግን ይፈታል። መግቢያ በር ነው። የእርሻ እንስሳ በሬ ነው። በር ላይ በሬ ሲጨመር በርበሬ ይሆናል። ወጥ የሚያቀላውም እሱ ነው። ፈቺው ወደ መልሱ በሁለት መንገድ መጣ፤ አንዱ በትርጉሙ፣ ሌላው በቃሉ አሠራር። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። የሚያቋርጥ ፊደል ባይኖር እንኳ በእስክሪብቶ መጻፍ ይችላል። እኔ የማውቀው የወንዙ ፍንጭ እንዲህ ያለ እርግጠኝነት ሰጥቶ አያውቅም።

በዚህ ጉዳይ ላይ አፍሪት በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ እንግሊዛዊ አዘጋጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 የተናገረው አለ። ወደ እኛ ስናመጣው፣ አዘጋጁ የተናገረውን ሁሉ የግድ ማሰብ የለበትም፣ ያሰበውን ግን የግድ መናገር አለበት የሚል ነው። ሕጉ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ፍንጩ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንድታይ ሊያደርግህ ይችላል። ነገር ግን መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልግህ ሁሉ እዚያው ተጽፎ መገኘት አለበት፣ ትርፍ ቃልም መኖር የለበትም።

ይህ ሕግ ልል አይደለም። ለምሳሌ የበርበሬውን ፍንጭ አንድ አዘጋጅ «…ወጡን አቀላው» ብሎ ቢጨርሰው ጥፋተኛ ነው። አቀላው ግሥ ነው፤ በርበሬ ደግሞ ስም ነው። ስም ለሚፈለግበት ቦታ የስም ትርጉም መስጠት ግዴታ ነው። ጸሐፊው ያናደዳቸው እንዲህ ያለ ዝርክርክ ፍንጭ ከሆነ አብሬያቸው እናደዳለሁ። ነገር ግን አንድ ደካማ አናጺ አጋጠመን ብለን ወንበር አንጠላም።

ሐቀኛ ማሳሳት የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ማየት ለፈለገ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለ። ኖቬምበር 5 ቀን 1996 የፕሬዚዳንት ምርጫ ዕለት ነበር። በዚያ ጠዋት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የወጣው መስቀለኛ ቃላት የነገውን የጋዜጣ ዋና ዜና ይጠይቃል፤ መልሱ «እገሌ ተመረጠ» የሚል ነው። ብዙ ሰው ክሊንተን ብሎ ሞላ፤ በትክክል ገባ። ሌላው ቦብ ዶል ብሎ ሞላ፤ እሱም በትክክል ገባ። በላቲን ፊደል ሁለቱም ሰባት ሰባት ፊደል ናቸው። የሚያቋርጧቸው ሰባት ቃላት ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት መልስ እንዲኖራቸው ተደርገው የተጻፉ ናቸው። አንዱ የሃሎዊን ጥቁር እንስሳ ይጠይቃል። ካት ካልክ ድመት ነው፣ የክሊንተን የመጀመሪያ ፊደል ይመጣል። ባት ካልክ የሌሊት ወፍ ነው፣ የቦብ ዶል ይመጣል። አዘጋጁ ጄረማያ ፋረል የሒሳብ መምህር ነበር። ስልክ እየደወሉ «ማን እንደሚያሸንፍ በምን አወቃችሁ?» ብለው የተቆጡ አንባቢዎች ነበሩ። ፍንጩ ግን አንድም ውሸት አልተናገረም። የተቆጡት ሰዎች ያነበቡት የራሳቸውን ግማሽ ብቻ ነው።

«ፊደላችን አይመችም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሒሳብ ያመጣሉ። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው። እኛ 33ቱን በሰባት ስናባዛ 231 እናገኛለን፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ስለዚህ ሁለት ቃላት አንድ ሳጥን ላይ የመገናኘት ዕድላቸው የመነመነ ነው ይላሉ። ፊደል ገልብጦ ወይም አደባልቆ ሌላ ቃል ማውጣትም አይቻልም ይላሉ። ማስረጃቸው ሰላም ነው። ቢገለበጥ ምላስ በሆነ ነበር፣ ግን አይሆንም፤ የሰላም ሰ ግዕዝ ነው፣ ምላስ የሚፈልገው ሳድሱን ነው።

ምሳሌው ጎበዝ ምሳሌ ነው። ከፊሉም እውነት ነው። በአሜሪካ ዓይነቱ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ሳጥን ወደ ጎንም ወደ ታችም የሚነበብ የሁለት ቃል ንብረት ነው። ያንን በአማርኛ እሠራለሁ ያለ ሰው ከባድ ቅጣት በራሱ ላይ ፈረደ ማለት ነው። የእንግሊዙ ሰንጠረዥ ግን እንደ ወንፊት የተከፈተ ነው። ከአንድ ቃል ፊደላት ውስጥ የሚቋረጡት በግምት ግማሹ ናቸው። ለእኛ የሚሆነው ይሄኛው ነው። በዚያ ላይ 231ዱ ፊደላት እኩል አይሠሩም። የአማርኛ ቃል ሲያልቅ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ት፣ ን፣ ች፣ ም፣ ው ስንት ጊዜ ይመጣሉ! ሰንጠረዥ የሚሠራ ሰው እነዚህን ጥግ ጥግ ላይ ያስቀምጥና ሥራው ይቀልለታል።

ደግሞ በዚህ ብቸኞች አይደለንም። ጃፓኖች መስቀለኛ ቃላት የሚሠሩት በካና ነው። በካና አንድ ሳጥን የሚይዘው ልክ እንደ እኛ አንድ ፊደል ከነአናባቢው ነው። ጨዋታውን ሲጫወቱ አልቸገራቸውም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ታሽቤጽ ሂጋዮን የሚባለውን ያውቁታል። በዕብራይስጥ የሚዘጋጅ፣ ሙሉ በሙሉ በቃላት ጨዋታ ላይ የቆመ መስቀለኛ ቃላት ነው። ዕብራይስጥ አናባቢውን አይጽፍም። ስለዚህ አንድ የተጻፈ ቃል ሁለት ሦስት ዓይነት ይነበባል፤ አዘጋጆቹም ይህንኑ ክፍተት እንደ ሲሳይ ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ ሰላምና ምላስ እንመለስ። ስሞችን ማደባለቅ በአማርኛ ይከብዳል፤ ተቀብያለሁ። ግሥ ላይ ግን ጸሐፊው ጨርሶ አልሞከሩም። የኃላፊ ጊዜ ግሦቻችን ብዙዎቹ ሦስት ፊደል ናቸው፣ ሦስቱም ግዕዝ ናቸው። ግዕዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አናባቢ ስላለው እንደ ልብ ይቀያየራሉ። በረደ የሚለውን ውሰዱ። አደባልቁት። ደረበ ይወጣል። እንደገና አደባልቁት። ደበረ ይወጣል። አየሩ በረደ፣ ሰውዬው ደረበ፣ ቀኑ ደበረ፤ ሁሉም ከሦስት ፊደል። እንግዲህ ፍንጩ ራሱ ተጽፎ አለቀ ማለት ነው።

«በረደ ቢሉት ተደባልቆ በላይ በላዩ ለበሰ (3)»

መልሱ ደረበ ነው። ደበረ እንዳይባል «በላይ በላዩ ለበሰ» በሩን ይዘጋዋል። ከበረ ቢደባለቅ ረከበ ይሆናል። ነገደ ቢገለበጥ ደገነ ይሆናል፤ ነጋዴው ተገልብጦ ጠመንጃ አነጣጠረ ማለት ነው። ለማ ቢዞር ማለ ይላል። እነዚህን ያገኘሁት መዝገበ ቃላት አገላብጬ አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የሱቅ ታፔላ ሳነብ ነው። የዚህ ጨዋታ ችግሩ ይሄ ነው፤ አንዴ ከለመደብህ ታፔላ በሰላም አታነብም።

ይህ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ የሌለው ነገር አለን። የእኛ ፊደል ቤት አለው፣ ቤቱም ስም አለው፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ፊደል የቆጠረ ሕፃን ያውቀዋል። ስለዚህ አዘጋጁ ፊደሉን ሳይነካ ቤቱን ብቻ መቀየር ይችላል።

«ቀን በሳድስ ሲጀምር ተንኮል የማያውቅ (2)»

ቀ ወደ ሳድስ ሲሄድ ቅ ነው፤ ቅን። አንድ ልጨምር፦

«ቤት በራብዕ ቢከፈት ከጉልበት በታች ያለ ይታያል (2)»

ቤ ወደ ራብዕ ሲዞር ባ ይሆናል፤ ባት። «ቢከፈት» የሚለው ቃል ለቤትም ይሠራል፣ ለመጀመሪያ ፊደልም ይሠራል። እንዲህ ያለ መገጣጠም ሲገኝ አዘጋጅ ብቻውን ይስቃል።

ከሁሉም በላይ ግን መጥበቅና መላላት አለ። አማርኛ ሲነገር ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ሲጻፍ ግን አያሳይም። ለፊደል ተማሪው ራስ ምታት ነው። ለፍንጭ ጸሐፊ ግን የወርቅ ማዕድን ነው። እንግሊዞች ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ፍለጋ ሲባዝኑ ይውላሉ። እኛ ግን አጻጻፋቸው አንድ፣ አነባበባቸው ሁለት የሆኑ ቃላት በእጃችን አሉ።

«ጠባብ ያልሆነ ልብስ ሠሪ (2)»

ሰፊ። ፊ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው፣ ሲላላ መርፌና ክር የያዘው ነው። ሲነበብ ግን ስለ አንድ ደግ ልብስ ሰፊ የሚያወራ ይመስላል።

«ጫካ የገባ፣ ቆዳ ላይ የወጣ (3)»

ሽፍታ። በነገራችን ላይ ይህን ፍንጭ እወደዋለሁ። ገባና ወጣ ፊት ለፊት ቆመው አንባቢውን ስለ አንድ አውሬ እንዲያስብ ያደርጉታል። ጫካ የገባው ግን መሣሪያ የያዘው ነው፣ ቆዳ ላይ የወጣው የሚያሳክከው ነው። ፍንጩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው።

«አልደረሰም፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚደርስ (2)»

ገና። ና ሲላላ ጊዜው ያልደረሰው ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ገናን ካነሳን ዘንድ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ጸሐፊው ይህን ያህል መቆጣታቸው እኔን የገረመኝ ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ቋንቋ ይዘን «አይመችም» ማለት ትንሽ ይከብዳል። አይመችም የሚባለው ከሌላ ቦታ የመጣውን ዘዴ እንዳለ ስንገለብጠው ነው።

«ሀ እና ሐ ሳይለዩ»

ይህን ቶሎ ልለፈው። የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ክርክር ነው፤ መስቀለኛ ቃላት ግን የክርክሩን መጨረሻ መጠበቅ የለበትም። ከሰንጠረዡ በላይ «ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል፤ አለቀ። ፈረንሳዮች በመስቀለኛ ቃላት ውስጥ ፊደላቸው ላይ የሚያደርጉትን ምልክት ይተዉታል። ዕብራይስጥ በቃል መጨረሻ ቅርጻቸው የሚለወጥ ፊደላት አሉት፤ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ግን እንደ ተራው ፊደል ይጻፋሉ። ጃፓኖች አነስ ተደርገው የሚጻፉትን ካናዎች እንደ ትልቆቹ ይቆጥሯቸዋል። በዚህ ምክንያት ቋንቋው የፈረሰበት አገር የለም።

እንዲያውም ሞክሼዎቹ ራሳቸው ሲሳይ ናቸው። በግዕዙ ሥርዓት ፀሐይ የሚሠርቀው በሠ ነው፣ ሌባ የሚሰርቀው በሰ ነው። ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። «ወጣ እንደ ፀሐይ፣ ወሰደ እንደ ሌባ (3)» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለፊደል ጥንቃቄ የሚሟገት ሰው ይህን ፍንጭ ቢፈታ ልዩነቱን ከየትኛውም ስብከት በላይ ያስታውሰዋል።

«የእንግሊዞች ቅርስ ነው፤ እኛ ሰምና ወርቅ አለን»

ይህ ነጥብ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል፤ አንዱ ታሪክ ነው፣ ሌላው ክብር።

ከታሪኩ እንጀምር። መስቀለኛ ቃላት የጥንት ቅርስ አይደለም። የመጀመሪያው የወጣው ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ኒውዮርክ ወርልድ በሚባል ጋዜጣ ላይ ነው። ያዘጋጀው ሊቨርፑል ተወልዶ አሜሪካ የተሻገረው አርተር ዊን ነው። ቅርጹ እንደ ዛሬው ካሬ ሳይሆን አልማዝ መሰል ነበር። ስሙም «ቃል መስቀል» ዓይነት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተገልብጦ ዛሬ የምናውቀው ክሮስወርድ ሆነ። የቃላት ጨዋታ ያለበት ፍንጭ የዳበረው ከዚያ በኋላ፣ በ1920ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ትልልቆቹ ጋዜጦች ንቀውት ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ በ1924 ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ተሳለቀበት፤ ራሱ ማውጣት የጀመረው በ1942 ነው። የለንደኑ ታይምስም እንዲሁ ተሳልቆ ሲያበቃ በ1930 ጀመረ። ስለዚህ ጸሐፊው ዛሬ የሚሉትን ያኔ የሚሉ ነበሩ፤ እነሱም እንግሊዞችና አሜሪካውያን ነበሩ።

ታሪኩ ውስጥ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ አዘጋጆች አንዱ፣ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ የሚሠራው ኤድዋርድ ፓዊስ ማዘርስ፣ ራሱን ቶርኬማዳ ብሎ ሰየመ። ቶርኬማዳ በስፔን ሰው እያሰቃየ ይመረምር የነበረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት አለቃ ነው። የተኩት ሰውዬ ደግሞ ከዚያው ወገን መርጠው ሂሜኔስ ተባሉ። ቀጥሎ የመጣው አዜድ ነው። አዜድ ማለት በላቲን ፊደል ዴዛ ሲገለበጥ ነው፤ ዴዛም ከነዚያው መርማሪዎች አንዱ ነበር። ፈቺያቸውን እንደሚያሰቃዩት ራሳቸው ነግረውናል ማለት ነው። እንደዚህ በግልጽ የሚያስጠነቅቅ አታላይ እኔ አላየሁም።

ወደ ክብሩ ስንመጣ፣ የጸሐፊው ስጋት ይገባኛል። ቅኔ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው። ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና እንኳ በአንድ ሌሊት አይለመድም። ግን ሰምና ወርቅ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ከሄደ ስንት ዘመኑ! አዝማሪው በማሲንቆ ይዞት ይዞራል። ሠርግ ላይ ይዘፈናል። ለቅሶ ላይ አልቃሿ ትጠቀምበታለች። ባለሥልጣን የሚወጋውም በእሱ ነው። ጋዜጣ ጀርባ ከአዝማሪ ቤት በምን ያንሳል?

ልዩነታቸውን ግን አልክድም፤ ጸሐፊው ራሳቸው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ክርክሩ ይጠነክር ነበር። በቅኔ ሰሙ ወርቁ ከተገኘ በኋላም አይጣልም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ ኅብሩ ቃል ሁለቱንም ተሸክሞ ይቀጥላል። ሰሚው ደጋግሞ ይሰማዋል። በመስቀለኛ ቃላት ፍንጭ ግን ላይ ላዩ ያለው ታሪክ ተፈትቶ ሲያበቃ ይጣላል። በርበሬን ካገኘህ በኋላ በር ላይ የቆመው በሬ አያስፈልግህም። ስለዚህ ፍንጭ ቅኔ ነው አልልም። ሁለት ነገር በአንድ ቃል ውስጥ የማየት ልማዱ ግን አንድ ነው፤ እኛም ልማዱ አለን።

«ተራው ሰው አይችልም»

ጸሐፊው እዚህ ጋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆነውን ይጠቅሳሉ። በ1942 ለንደን ውስጥ ደይሊ ቴሌግራፍ መስቀለኛ ቃላቱን ከ12 ደቂቃ በታች የሚፈታ ካለ ይምጣ ብሎ ውድድር አዘጋጀ። ከተሳተፉት የተወሰኑት በኋላ የጠላት ምስጢር ይፈታበት ወደ ነበረው ብሌችሊ ፓርክ ተጠሩ። ከዚህ ተነስተው «ይህ የልዩ ጭንቅላት ሥራ ነው» ይላሉ። ውድድሩ ግን የፍጥነት ነበር። ሯጭ ቶሎ ይደርሳል ማለት ሌላው ሰው መራመድ አይችልም ማለት አይደለም። ያ ጋዜጣ በየቀኑ የሚሸጠው ለባቡር ተሳፋሪ ነበር።

ከዚያ ይልቅ የአክስቴን ልንገራችሁ። አክስቴ እርሳስ ይዛ ሰንጠረዥ ሞልታ አታውቅም። አንድ ቀን ቡና እያፈላች አንድ ፍንጭ አነበብኩላት።

«በጓዳ ቦታ ውስጥ የተደበቀ ምግብ (2)»

ረከቦቱን እያስተካከለች ለራሷ ደገመችው። «ጓዳ ቦታ… ጓዳ ቦታ…» አለች ቶሎ ቶሎ። ከዚያ ቀና ብላ «አንተ፣ ዳቦ ነዋ! ደግሞ ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው?» አለችኝ። ጓዳ ከሚለው መጨረሻ፣ ቦታ ከሚለው መጀመሪያ። ማንም አላስረዳትም። ቀጥዬ ጸሐፊው ሐቀኛ ከሚሉት ዓይነት አንድ ጠየቅኳት፦ «የሞንጎልያ ዋና ከተማ (6)»። ሳቀች። «እሱንስ አላውቀውም፤ በቃ ጎንደርን ሰጠሁህ» አለች።

እንቆቅልሽ ተጫውቶ ያደገ ያውቀዋል፤ ያልቻለ አገር ይሰጣል። ለአክስቴ አገር ያሰጣት የትኛው ፍንጭ ነው? የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ የሚያውቅና የማያውቅ ብሎ ይለያል። ኡላንባታርን ካላወቅክ ቁጭ ብለህ ብታስብ አይመጣልህም። የቃል ጨዋታው ግን የሚጠይቅህ አማርኛ ብቻ ነው። አማርኛ ደግሞ አክስቴ ከእኔም ከጸሐፊውም ታውቃለች።

እርግጥ ነው፣ አንባቢው መጀመሪያ ጥቂት ምልክቶች ማወቅ አለበት። «ሲገለበጥ» ከተባለ ከኋላ ወደ ፊት አንብብ ነው። «ተደባልቆ» ወይም «ተበጥብጦ» ከተባለ ፊደሎቹን አምስ ነው። «ውስጥ የተደበቀ» ካለ ከቃል ወደ ቃል ተሻግረህ ፈልግ ነው። «በሳድስ»፣ «በራብዕ» ካለ ቤቱን ቀይር ነው። ይህን ከሰንጠረዡ ሥር በትንሽ ጽሑፍ ማስፈር ይቻላል። ዳማ ለመጫወት የሚያስፈልገው ሕግ ከዚህ አያንስም።

ያላነሱት ነገር

ጸሐፊው እኔን ማስጨነቅ ከፈለጉ ሊያነሱት የሚገባ አንድ ጥያቄ ነበር፤ አላነሱትም። የአማርኛ ግሥ ጾታና መደብ ይናገራል። በእንግሊዝኛ «አሰላ» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ ስለዚህ አዘጋጁ ባለቤቱን እንደፈለገ ይቀያይራል። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ግሥ ባለቤቱን ያሳብቃል።

አሰላን ራሱን እንውሰድ። አሰላ ግሥ ነው፣ ሒሳብ ሠራ። አሰላ ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደባት የአርሲ ከተማ ነው። ለሁለት ትርጉም ፍንጭ እንደዚህ የተመቸ የከተማ ስም ብዙ የለም። ነገር ግን ከተማን በንግግራችን አብዛኛውን ጊዜ አንስታይ እናደርገዋለን። «የአርሲ ከተማ ሒሳብ ሠራች» ብዬ ብጽፍ ለጆሮ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን አሰላ መሆኑ ይቀርና አሰላች ይሆናል፣ አንድ ፊደል ይተርፋል። «የአርሲ ከተማ ሒሳብ ሠራ (3)» ማለት አለብኝ። ሕጉ ተከብሯል። ጆሮ ግን ትንሽ ይጎረብጠዋል፤ ነቄ የሆነ ፈቺም በዚያች ጉርባጤ ብቻ «ሠራ የሚለው ብቻውን የቆመ ትርጉም ነው» ብሎ ይነቃብኛል።

ለዚህ ሙሉ መድኃኒት የለኝም። አንዳንድ ጊዜ «የገባ»፣ «የወጣ» እያልኩ በዘርፍ አመልጣለሁ፤ የሽፍታው ፍንጭ የዳነው በዚህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ፍንጩን እጥለዋለሁ። የአማርኛ ፍንጭ ጻፊዎች ተሰብስበን መከራከር ካለብን ክርክራችን እዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው ማብቂያ ላይ «አንድም የሚረባ የአማርኛ ፍንጭ ካለ ይላክልኝ» ብለዋል። ከላይ ያሉት አላረኳቸው ከሆነ፣ መፍትሔውን ሳልነግራቸው አንድ እነሆ፦

«ከሠርግ በኋላ የሚደገስ፣ የታክሲ ረዳት የሚረሳው፣ ጸሐፊውም ከእኔ ያገኙት (3)»